እኔን የበረደኝ ደሴ ነው

(ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከተናገርኩት። ከስልክ ቅጂ ላይ ራሴ ነኝ የገለበጥኩት። ሳሉንና ሳቁን አስቀርቼዋለሁ፣ ሌላው እንዳለ ነው።)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ሸጋ። ያንን በር የሚዘጋልኝ ልጅ አለ? አይገጥምም? ገፋ አርገው እስቲ። አይ፣ ተወው በቃ፣ ድንጋይ አስደግፈው። የጠሩኝ ሄልሲንኪ ስለምትባል የፊንላንድ ከተማ እንድናገር ነው፣ እሱንም እናገራለሁ። ግን ያንን በር አትርሱት፣ እመለስበታለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ደሴ ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው ጸጉሬ የሸበተው። የምድር ዛቢያ 23 ዲግሪ ተኩል ያዘነበለ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ሰሜኑ ከፀሐይ ይሸሻል፣ ቀኑ ያጥራል እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ ስስል ኖርኩ። ተማሪው ይገለብጣል፣ እኔ አርማለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አላውቀውም ነበር። ያወቅኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፣ ሄልሲንኪ ውስጥ፣ በቀን በዘጠኝ ሰዓት የኩሽና መብራት ሳበራ።

ለምን ሄድሽ ካላችሁኝ፣ ልጄን ላርስ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ ጥሩ ሰው ነው፣ ቢሆንም ገንፎ ማገንፋት አያውቅም። እናት በሕይወት እያለች አራስ ብቻዋን ትተኛለች እንዴ? ሰው ሁሉ "በዚህ ወቅት? አብደሻል?" አለኝ። ልጅ ወቅት መርጦ አይወለድም። የገንፎ ዱቄቱን፣ የአጥሚቱን እህል፣ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱን፣ አምስት ኪሎ ጥሬ ቡና ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ቅቤ ብቻ ቀረ። የወተትና የሥጋ ውጤት ከኛ አገር ይዞ አውሮፓ መግባት ክልክል ነው። ወሎዬ ያለ ቅቤ ሊያርስ ሲሄድ አስቡት! በኋላ የነሱን ቅቤ ገዝቼ በኮረሪማና በኮሰረት አነጠርኩት። አይከፋም። የኛን ግን አይሆንም።

አሁን ትንሽ ላስተምር፣ አመሌ ነው።

እኛ አገር ብርድ ማለት ከፍታ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ደሴ ላይ ብርድ ያስመረረው ሰው መድኃኒቱ ቅርብ ነው፤ ሐረጎን ቁልቁል ይወርዳል። ኮምቦልቻ ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል፣ ባቲ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ብርዳችን መውጫ አለው። ለዚህ ይመስለኛል ከልባችን የማንቆጥረው።

ሄልሲንኪ ግን ባሕር ዳር ናት። ባሕር ዳር ስላችሁ የጣናዋን አይደለም፣ እውነተኛው ባሕር ዳር ነው የምላችሁ፣ ባልቲክ። ከፍታ የሚባል ነገር የላትም። ብርዷ የሚመጣው ከፀሐይዋ ነው። ከተማዋ ያለችው ከምድር ወገብ 60 ዲግሪ ወደ ሰሜን ነው፣ እኛ 11 ዲግሪ ላይ ነን። በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ቀትር ላይ፣ ደሴ ቆማችሁ ፀሐይዋን ብትለኳት ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ታገኟታላችሁ። እዚያ ቀትር ላይ 6 ዲግሪ ገደማ ናት። ስድስት! ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን አድማስ ላይ ብታስቀምጡ ከጡጫችሁ አትበልጥም። ብርሃኗ አግድም ነው የሚመጣው፣ ጥላችሁ ከናንተ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፣ ፊታችሁን ትነካችኋለች፣ አታሞቃችሁም። ወርዳችሁ የምትሸሹበት ሐረጎም የለም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ሰዓቱ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ ነው አይደል? ስትወጣ አስራ ሁለት፣ አናት ላይ ስትሆን ስድስት፣ ስትገባ አስራ ሁለት። ኢትዮጵያዊ ሰዓት ለማወቅ ሰዓት አያስፈልገውም፣ ቀና ማለት ይበቃዋል። እዚያ ግን ታኅሣሥ 12 አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው፣ የከተማዋን ሰዓት በኛ አቆጣጠር ልንገራችሁና፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ24 ገደማ ነው። የምትገባው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ13 ላይ። ስድስት ሰዓት እንኳ አትሞላም። የኛ ቀን በዚያው ወቅት አጠረ ቢባል አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል።

አባቴ ሙስሊም ነበር፣ እናቴ ክርስቲያን። ወሎ ነው፣ ምን ይገርማል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል አሰብኩት። የዙህር ሶላት ቀትር ላይ ይሰገዳል፣ አስር የሚባለው ሶላት ወዲያው ይከተላል፣ መግሪብ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ይገባል። ሦስቱ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው የሚረባረቡት፣ ውዱእ ሳይፈታ ይደራረሳል። በእናቴ በኩል ደግሞ የገና ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብላችሁ ነይታችኋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ልትገባ ሩብ ሰዓት ነው የቀራት። ምሳ ነው የምበላው ወይስ እራት? ልጄን ጠየቅኳት፣ "እማዬ፣ ዝም ብለሽ ብይ" አለችኝ።

በረዶ። ይኸው ቃሉ ራሱ አስቸገረኝ። እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ ፊልም ላይ የምናየውንም ነጭ ነገር በረዶ ነው የምንለው። እኔ በረዶ ስል የማስበው ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ የደላንታን ምስር በአንድ ከሰዓት ድምጥማጡን የሚያጠፋውን ነው። በረዶ ጠላት ነው፣ ድምፅ አለው። እዚያ የመጀመሪያው ሌሊት ሲወርድ ግን ምንም አልሰማሁም። ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ዓለም ነጭ ሆኗል፣ ኮሽ ያለ ነገር የለም። እነሱ ለያንዳንዱ ስም አላቸው። ሉሚ የሚወርደውና የሚከመረው ነው፣ ያ የረጋ ወተት የመሰለው። ያ ጠጣሩ ጃ ነው። ራንታ ከዝናብ ጋር ተቀላቅሎ የሚወርደው ነው፣ ሎስካ መንገድ ላይ ቀልጦ የሚላቁጠው፣ ኑኦስካ ደግሞ ልጆች ድብልብል የሚሠሩበት እርጥብ እርጥብ ያለው። የኛው የበረዶ ጠጠር ራዔ ይባላል። እኛስ? ደጋው ሰው ውርጭና አመዳይን ይለያል። መሬቱ ነጣ ብሎ ባቄላው ሲቃጠል ያየ ሰው ይለያል። ከዚያ በላይ አላስፈለገንም።

ከስማቸው ይልቅ ጉልበታቸውን ያወቅኩት በመቀመጫዬ ነው። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ቀልጦ የረጋ በረዶ አስፋልቱ ላይ እንደ መስታወት ተለጥፏል፣ አይታይም። ስነሳ ሰማዩን እያየሁ ነበር፣ ማለቴ ስወድቅ። አንዲት አሮጊት፣ ከኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ባለ ሚስማር ጎማ ጫማቸው ላይ አጥልቀው ደርሰው አነሱኝና ምንም ሳይሉ ወደ ጫማቸው ጠቆሙኝ። ያን ቀን ገዛሁ። መንገዱ ላይ ጠጠር ይነሰነሳል፣ ቢሆንም አረማመድ መማር ያስፈልጋል። አጠር አጠር አድርጎ፣ እግርን ሙሉ በሙሉ እያሳረፉ፣ ሸክም እንደያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ። ዳክዬ ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ ልግባ። የልጅ ልጄ ሦስት ሳምንቱ ነው። ከዜሮ በታች ስምንት ነው። ልጄ ሕፃኑን ጠቅልላ፣ ጋሪው ውስጥ አስተኝታ፣ በረንዳ ላይ አወጣችውና በሩን ዘጋችው። ኧረ በአላህ! "ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት። "እያስተኛሁት" አለችኝ። እኔ ለአራሷ መስኮት አላስከፍትም፣ እሷ ሕፃኑን ብርድ ላይ! ምች አለ፣ ብርድ አለ፣ ሳንባ አለ። ዳማከሴ ከየት ነው የማመጣው? ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ዘጋችው። ከፈትኩ። ለሃያ ዓመት ያልተጣላን እናትና ልጅ በራችንን ስንከፍትና ስንዘጋ ቆየን።

በኋላ ወጥቼ ጓንቴን አውልቄ እጄን ብርድ ልብሱ ሥር አስገባሁ። ደረቱ ሞቋል። ላብ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። ጉንጩ ቀዝቃዛ ነው፣ ትንፋሹ ሰላማዊ ነው። እዚያ አገር ይህ ነውር አይደለም፣ ወላጁ ሁሉ ያደርገዋል፤ የሕፃናት መዋያዎች እንኳ ልጆቹን ውጭ ያስተኛሉ። ሁሉ ነገር ያለው አለባበሱ ላይ ነው። የልብሱ አንዳንዱ ደግሞ ከመንግሥት ሳጥን የወጣ ነው። ይኸን ስሙ፦ ነፍሰ ጡር ሁሉ በእርግዝናዋ በጊዜ ክትትል ከጀመረች አንድ ሳጥን ይሰጣታል። እ.ኤ.አ. በ1938 ለድሆች ተጀመረ፣ በ1949 ለሁሉም ሆነ። ውስጡ የሕፃን ልብስ አለ፣ የክረምት ቱታ አለ፣ የመኝታ ከረጢት አለ። ካርቶኑ ራሱ ፍራሽ ተነጥፎበት የሕፃኑ የመጀመሪያ አልጋ ይሆናል። የሀብታሙም የደሀውም ልጅ አንድ ዓይነት ካርቶን ውስጥ ይተኛል። ከልጄ ደጋግሜ የጠየቅኳት ነገር ቢኖር "ስንት ከፈላችሁ?" ነው። ምንም።

አንድ ነገር ላይ ግን እኔ አሸነፍኩ፣ ወይም እንዲያ መሰለኝ። ሕፃን ፀሐይ መሞቅ አለበት አልኩ። እኛ ቅቤ ቀብተን ጠዋት ፀሐይ ላይ እናገላብጣቸዋለን፣ አጥንታቸው ይጠናል። የክትትል ነርሷ ሰማችኝና ልክ ነሽ አለችኝ፣ ግን እዚህ ፀሐይ በክረምት ዝቅ ስለምትል ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር አይደርስም። ስለዚህ ሕፃን ሁሉ ከሁለት ሳምንቱ ጀምሮ በጠብታ ይሰጠዋል። የኛ ቆዳ ጥቁር ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልገናል። ያኔ ትዝ ያለኝ ደሴ ነው። ይኸን የመሰለ ፀሐይ እያለን ልጁን ብርድ ይመታዋል ብለን በድርብ ጨርቅ አፍነን ጨለማ ክፍል ስንደብቀው፣ እግሩ ሲጎብጥ "ከአያቱ ነው" የምንል ብዙ ነን።

እሺ፣ በሩ። ደረስኩ።

በሕይወቴ በጣም የበረደኝ ሄልሲንኪ አይደለም። ትልቁ ብርድ ከዜሮ በታች 19 ሆኖ አየሁ፣ የዓይኔ ሽፋሽፍት ላይ እንፋሎት ረግቷል፣ ወላሂ አልበረደኝም። ቤት ስገባ 22 ዲግሪ ነው። በቲሸርት ነው ገንፎ የማገነፋው። በጣም የበረደኝ እዚሁ፣ ሠላሳ ዓመት በኖርኩበት ቤት፣ አልጋዬ ውስጥ ነው። ተመልሼ ስመጣ አንዲት ትንሽ ቴርሞሜትር ይዤ መጥቻለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መኝታ ቤቴ 11 ዲግሪ ነበር። ውስጡ! የሄልሲንኪ ሰው መኝታ ቤቱ 11 ዲግሪ ቢሆን ለቤቱ ኃላፊ ይደውላል፣ እኛ ጋቢ እንደርባለን። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ እያልን ቱሪስት ስንጠራ ኖርንና ራሳችንም አመንነው። ብርድ እንዳለ የሚያምን ሰው ቤት ሲሠራ ብርዱን አስቦ ይሠራል። እኛ ብርድ የለም እያልን ሠርተን፣ ውስጡ ተቀምጠን እንንቀጠቀጣለን።

እዚያ መስኮቱ ሦስት መስታወት ድርብርብ ነው። በሩ ሁለት ነው፣ በሁለቱ መሃል ጫማ ይወለቃል። የመስኮቱና የበሩ ጠርዝ ሁሉ በስስ ላስቲክ ተገጥግጧል፣ ሲያረጅ ይቀየራል። ማሞቂያው ከየቤቱ አይደለም የሚነሳው፤ አብዛኛው ሕንፃ ከመሬት በታች በተዘረጋ ቧንቧ ሙቅ ውሃ ይመጣለታል። ከተማዋ ሥር ካለ አንድ ጣቢያማ ከተጣራ የፍሳሽ ውሃ ሙቀት መጥጠው ቤት ያሞቁበታል። የሰው ሁሉ የገላ መታጠቢያ ሙቀት ተመልሶ ቤት ይገባል ማለት ነው። ይኸን ደሴ ላይ አምጡ አልልም፣ ገንዘቡ የት አለ? ላስቲኩ ግን ስንት ነው?

የሴት አያቴ ጎጆ ከኔ ቤት ይሞቅ ነበር። ጭድ የተቀላቀለበት ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ ወፍራም የሣር ክዳን፣ ጠባብ በር፣ መሃል ምድጃ፣ በአንድ ወገን ጥጃ። ጭዱና ሣሩ ውስጥ አየር ታስሯል፣ የታሰረ አየር ሙቀት አያሳልፍም። ጋቢም እኮ የሚያሞቀው ጥጡ ሆኖ አይደለም፣ በአራቱ ድርብ መሃል የታሰረው አየር ነው። እኛ ዘመነን ብለን ብሎኬት ደረደርን፣ ቆርቆሮ አለበስነው፣ የብረት በር ገጠምንለት፣ ብረቱ ሥር ድመት የምታልፍበት ክፍተት ተውን። ኮርኒስ ያለው ሰው ስንት ነው? ከዚያ ሲበርደን ከሰል እናስገባለን።

እዚህ ላይ ሳቁን እንተወው። ከሰል ዝግ ቤት አታስገቡ። ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቆይቼዋለሁ፣ ፍሙ ቀልቷል፣ ምንም አይል የሚባለው ውሸት ነው። የቀላው ፍም ነው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያወጣው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ሰውየው የደከመው ይመስለዋል፣ ይተኛል። ከኔ ሁለት ቤት ወረድ ብሎ ሁለት ተከራይ ልጆችን በር ሰብረን ያወጣናቸው ሌሊት አለ። ተረፉ፣ አልሐምዱሊላህ። የማይተርፍ ብዙ ነው። ራስ ምታት የጀመረው ሰው በሩን ከፍቶ ይውጣ፣ ከሰሉን ለማጥፋት እንኳ አይቆይ።

እኔ ያደረግኩት ይኸ ነው። ፍራሽ ከሚሠራ ሰው የተረፈ ስፖንጅ በቀጭኑ አስቆርጬ የበሩንና የመስኮቱን ጠርዝ ለጠፍኩ። የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ እንደ እባብ ጠቅልዬ፣ ውስጡን አሸዋ ሞልቼ፣ ማታ ማታ በበሩ ሥር አስተኛዋለሁ። መጋረጃዬን መሬት እስኪነካ አስረዘምኩት። ቀን ፀሐይ ሲኖር መጋረጃውን እገልጣለሁ፣ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን እዘጋለሁ። አሁን ጠዋት 14 ነው። ሦስት ዲግሪ ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ ጉልበቴን ጠይቁት። ቤቱ ከሰል ካለበት ግን መጀመሪያ ከሰሉ ይውጣ፣ ከዚያ ነው ክፍተቱ የሚዘጋው። ይኸን ካገላበጣችሁት ራሳችሁን ትገድላላችሁ።

አለባበስም ልንገራችሁ፣ ውጭ የመሄድ ዕድል የሚገጥማችሁ አላችሁ። አንድ ወፍራም ካፖርት ከሦስት ስስ ልብስ ይሻላል የሚላችሁን አትስሙት። ከሥር ስስ የበግ ጠጉር፣ መሃል ሹራብ፣ ከላይ ንፋስና ውሃ የማያስገባ። ጥጥ ከገላ ጋር አይሁን፤ ላቡን ይዞ ያስቀራል፣ ያ ላብ ሲቀዘቅዝ ነው ሰው የሚንቀጠቀጠው። ጋቢዬን ለብሼ እንድወጣ ልጄ ያልፈቀደችልኝ አፍራብኝ መስሎኝ ነበር፣ ለካ በረዶው ሲያርፍበት ይርሳል ብላ ነው። ደጋ ወሎ ላይ ሽማግሌዎቹ ጋቢ ትተው በርኖስና ባና የሚለብሱት በምን ይመስላችኋል? የበግ ጠጉር ቢረጥብም ያሞቃል። ጫማ ደግሞ ሰፋ ያለ፤ ጠባብ ጫማ በሁለት ካልሲ ከስስ ካልሲ ይከፋል።

ሌላም አለ፣ ይቺ። ታዩዋታላችሁ? መብራት ሲያርፍባት የምታንጸባርቅ ፕላስቲክ ናት፣ ኮት ላይ ትንጠለጠላለች። በጨለማ በእግር የሚሄድ ሰው ሁሉ እንዲያንጠለጥላት እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ሕጋቸው ያዝ ነበር። ሃያ ይዤ መጥቻለሁ፣ ማታ ከትምህርት ቤት የምትመለሱ ስንወጣ ውሰዱ። ለትልልቆቹ የለኝም፣ አትጠይቁኝ።

ሰዎቹን ስትጠይቁኝ፣ ዝም ይላሉ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ በየሁለት ሜትሩ ተራርቀው ይቆማሉ። እኛ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ እስክንል አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። የልጄ ጎረቤት፣ ፊት ለፊት በር ያለው ሰውዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቱን ከመስበር በቀር ቃል ተናግሯት አያውቅም። ታዲያ አንድ ቀን ቡና ቆላሁ። ጣሪያው ላይ የእሳት ማስጠንቀቂያ አለ፣ በሁሉም ቤት ግዴታ ነው፣ ማን ነግሮኝ? ጭሱ ሲነካው የሕንፃው ሰው ሁሉ የሚሰማው ጩኸት ለቀቀው። ልጄ ወንበር ላይ ወጥታ በፎጣ ታራግባለች፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እኔ ምጣዱን ይዤ በረንዳ ላይ። በሩ ተንኳኳ። ሰውዬው ነው። የተቃጠለ ሰው ካለ ሊያወጣ ነው የመጣው። የተቃጠለ የለም፣ ቡና ነው አልነው። አሸተተ። ቆመ። ግባ አልኩት በአማርኛ፣ ገባ።

አቦልም ጠጣ፣ ቶናም ጠጣ፣ በረካም ጠጣ። የሱ አገር ሰው በዓመት በአማካይ ወደ 10 ኪሎ ቡና ይጠቀማል፣ ዓለም ላይ ከቀዳሚዎቹ ናቸው፣ በሥራ ሰዓት የቡና እረፍት በሥራ ስምምነታቸው ውስጥ የተጻፈ ነው። ታዲያ ቡናቸው ፈዘዝ ብሎ የተቆላ ነው፣ ጀበና አያውቅም። ጤና አዳም ቢኖረኝ ኖሮ ያለቅስ ነበር። በማግስቱ በወረቀት የተጠቀለለ ቀረፋ ያለበት ዳቦ በራችን ላይ ሰቅሎ ሄደ። ስሙ ኮርቫፑስቲ ነው፣ ትርጉሙ የጆሮ ጥፊ። በጥፊ መታኝ ብዬ ለዘመድ ሁሉ ደወልኩ።

ሳውናውን ሳልነግራችሁ ብወጣ ትጣሉኛላችሁ። ወደ 5 ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ነው ያለው፣ ሳውናው 3 ሚሊዮን ይደርሳል ይባላል። በልጄ ሕንፃ ምድር ቤት የጋራ አለ፣ ማክሰኞ ማታ ተራችን ነበር። ሴቶች ብቻ፣ ያለ ልብስ፣ የእንጨት ርከን ላይ። የጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ ሲፈስ የሚነሳው እንፋሎት ሎይሉ ይባላል፣ ጥንት ቃሉ ነፍስ፣ መንፈስ ማለት ነበር። እኔ ደግሞ ከደሴ ስነሳ የተጨነቅኩት ለልጄ ወይባ ከየት አመጣለሁ ብዬ ነበር! አርባ ቀኗ ሲያልፍ ይዣት ወረድኩ። በድሮ ጊዜ የገጠር ሴቶቻቸው የሚወልዱት ሳውና ውስጥ እንደነበር የነገረችን አንዲት ትልቅ ሴት ናት፤ ከቤቱ ሁሉ ሞቃቱና ንጹሑ ክፍል እሱ ነውና። ያቺ ከፎቅ ስንገናኝ ዓይኗን የምትሸሽ ሴትዮ፣ እዚያ እንፋሎቱ ውስጥ ስለ ምጧ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ሞተች እህቷ ልጄ እየተረጎመችልኝ አወራችኝ። የኛ ሴቶች ወይባ ላይ ተቀምጠው የማያወሩት ነገር አለ እንዴ?

ከተማውንም አይቻለሁ፣ አልታሰርኩም። ኦሎምፒክ ስታዲየሙ ጋ ሄጄ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ቀነኒሳ አሥር ሺውን ያሸነፈው እዚያ ነው። ጥሩነሽ አምስት ሺውንም አሥር ሺውንም። በአምስት ሺው ከአንድ እስከ አራት የገቡት የኛ ልጆች ናቸው። በበረዶ የተሸፈነ ባዶ ስታዲየም ነው፣ እኔ ግን የማየው አራት አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነው። ደጃፉ ላይ የሯጫቸው የፓቮ ኑርሚ ሐውልት አለ፣ ራቁቱን ይሮጣል፣ በዚያ ብርድ! ትከሻው ላይ በረዶ ተከምሮበታል። ልጠርግለት ቃጣኝ።

ሱዖሜንሊና የምትባል ደሴት ምሽግም አለች። እ.ኤ.አ. በ1748 መሠራት የጀመረች። ጀልባው ክረምት ከበጋ ይመላለሳል፣ የረጋውን በረዶ እየሰበረ፣ እንደ ቆሎ ከሥር ይንኮሻኮሻል። ባልቲክ ጨዉ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይረጋል። ምሽጉን ሳይ መቅደላን አስታወስኩ፣ ሰው ድንጋይ ከምሮ አይደፈርም ያለው ሁሉ ይደፈራል፤ እሱም ለሩሲያ እጁን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1808 ነው።

በነሱ ገና ዋዜማ ማታ ግን ወደ መቃብር ወሰዱኝ። ሰው ሁሉ ለሞቱት ሻማ ያበራል። ያ በዘጠኝ ሰዓት የሚጨልም አገር፣ በረዶው ላይ እልፍ ሻማ። ማንም አይናገርም። ዘመዱ እዚያ ያልተቀበረ ሰው የሚያበራበትም ስፍራ አለ። አንዱን ለአባቴ፣ አንዱን ለእናቴ አበራሁ። ፋቲሃም ቀራሁ፣ አባታችን ሆይም አልኩ። ማን ይከለክለኛል?

ጨረስኩ። ጥያቄ ካለ።

አዎ፣ አንተ፣ ከጥግ ያለኸው። "እትዬ፣ ተመልሰው ይሄዳሉ ወይ?" ነው ያልከው? ልጄ ሁለተኛውን ይዛለች። ሰኔ ላይ ትወልዳለች ተብሏል። አብሽሩ፣ ያኔ ብርድ የለም። ያኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ፀሐይ በነሱ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣና የምትገባው ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከገባችም በኋላ ደህና አድርጎ አይጨልምም። አራስን በምን ጨለማ እንደማስተኛት እንጃ። መጋረጃውን ከዚህ ሰፍቼ ልሂድ ብያለሁ። ወፍራም ጥቁር ጨርቅ የት ይረክሳል፣ ሰኞ ገበያ ነው ወይስ ፒያሳ?